ላሟ የበላችው መጽሐፍ፦ ከአሊዩ አምባ ገበያ እስከ ያልታወቀው ገዳይ

በኦሮሞ ዘንድ በብዙ አካባቢ የሚነገር የቆየ ትረካ አለ። ዋቃ ለሕዝቦች መጽሐፍ ሲያድል ክርስቲያኑ የራሱን ተቀበለ፣ ሙስሊሙም የራሱን ተቀበለ። ለኦሮሞው የተሰጠውን ግን ላም በላችው። ከዚያ ወዲህ መጽሐፉ ያለው በላሟ ሆድ ውስጥ ነው። ከብት ታርዶ ሞራው ሲዘረጋ፣ አዋቂው ሽማግሌ ወደ ብርሃን ይዞ መስመር መስመሩን የሚከተለው ያንን የተበላ መጽሐፍ ፍለጋ ነው።

ይህን ትረካ ሁለት ዓይነት ሰው ያወራዋል። አንዱ በንቀት ነው፤ "መጽሐፍ የላቸውም፣ ላም በላችባቸው" ብሎ ለመሳቅ። ሌላው የሚያወራው እንደ ባለቤት ነው፤ "የእናንተ ቃል በሳጥን ተቀመጠ፣ የእኛ ቃል ነፍስ ካለው ነገር ጋር በየሜዳው ይሄዳል" እንደ ማለት። እኔ በልጅነቴ የሰማሁት የመጀመሪያውን ነበር። ሁለተኛውን ለመስማት ዕድሜ ፈጀብኝ።

ዛሬ የምጽፈው ስለ ከብት ነው። "የወቅታዊ ጉዳይ ቻናል ላይ ላም ምን ትሠራለች?" የሚል አይጠፋም። ታገሱኝ፤ ከጥንት ግብፅ ተነሥተን የምንደርሰው አጣዬ ነው።

◾️ ገበያው

ከአንኮበር አፋፍ ወደ ምሥራቅ ቁልቁል ሲወርዱ፣ ደጋው አልቆ ቆላው ሳይጀምር አሊዩ አምባ አለች። ዛሬ ስሟን የሚያውቀው የአካባቢው ሰውና የታሪክ ተማሪ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ግን የሸዋ መንግሥት የንግድ በር ነበረች። ከታጁራ ወደብ የአፋርን በረሃ አቋርጦ የሚመጣው ቅፍለት፣ ከሐረር የሚመጣውም ነጋዴ መድረሻው እዚህ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1841 ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የተላከውን የእንግሊዝ መልእክት የመራው ሻለቃ ኮርንዋሊስ ሃሪስ የአርብ ገበያዋን አይቶ ጽፏል። በሚቀጥለው ዓመት የመጣው ሐኪሙ ቻርልስ ጆንስተን ደግሞ እዚያው ተቀምጦ ኖሯል።

በዚያ ገበያ አርጎባው ነበረ፣ ሐረሪው ነበረ፣ አፋሩ ጨዉን ይዞ ነበረ፣ የደጋው አማራ እህሉን ይዞ ነበረ፣ ኦሮሞውም ነበረ። አሞሌ ጨውና የማርያ ትሬዛ ብር ይመነዘሩበት ነበር። ከአጠገቡ ደግሞ ሰው እንደ ከብት የሚሸጥበት የአብዱል ረሱል ገበያ ነበር። ይህን ትቶ አሊዩ አምባን ብቻ ማሞገስ ታሪክን መቁረጥ ነው። የምሥራቁን ድንበር ለንጉሡ ይጠብቁ የነበሩት ሹም ወላስማ መሐመድ ይባሉ ነበር። "ወላስማ" በ13ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የይፋትን ሱልጣኔት ያቋቋመው ቤተሰብ ስም ነው፤ በክርስቲያኑ ንጉሥ ዘመን የሹመት ስም ሆኖ ቀጠለ።

ለዛሬው ጉዳያችን የሚያስፈልገን አንድ ነገር ነው። በዚያ ገበያ ዳዊት የደገመ፣ ቁርኣን የቀራና ሞራ የሚያነብ ሰው በአንድ ጥላ ሥር ይገበያዩ ነበር። ሦስቱም "መጽሐፌ" የሚሉት አላቸው። በሦስቱም መጽሐፍ ውስጥ ደግሞ ላም አለች።

◾️ ያመለኳት፣ የገደሏት

የጥንቱ ዓለም ከብትን ያየበት መንገድ ብዙ ነው። ግብፃውያን ሰማይን ራሱን ላም አድርገው ሳሉት። "የሰማይዋ ላም" በሚባለው ጽሑፋቸው፣ ሰዎች ባመፁበት ጊዜ የፀሐይ አምላክ ራ ምድርን ትቶ በላም ጀርባ ወደ ሰማይ ይወጣል። እኛ "ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ" ብለን የምንቀልድበትን እነርሱ በመቃብር ግድግዳ ላይ በቁም ነገር ጻፉት። በሜምፊስ ከተማ አፒስ የሚባል አንድ ኮርማ እየተመረጠ በሕይወት እያለ ይመለክ ነበር፤ ሲሞትም እንደ ንጉሥ ይቀበር ነበር። ፈረንሳዊው ኦጉስት ማሪዬት እ.ኤ.አ. በ1851 የገባበት የሳቃራ ዋሻ ለእነዚህ ኮርማዎች የተዘጋጁ ግዙፍ የድንጋይ ሣጥኖች ሞልተውበታል።

ከግብፅ በስተደቡብ፣ በዛሬዋ ሰሜን ሱዳን፣ የከርማ ሰዎች አንድ ታላቅ ሰው ሲቀብሩ በመቃብሩ ዙሪያ የከብት ራስ ቅል ይደረድሩ ነበር። በአንዱ መቃብር ብቻ ከ4,000 በላይ ተቆጥሯል።

ሌሎች ደግሞ ከብትን በመግደል ውስጥ ምሥጢር ፈለጉ። በመስጴጦምያው የጊልጋሜሽ ታሪክ ኢሽታር የሰማዩን ኮርማ በኡሩክ ከተማ ላይ ትለቅቃለች፤ ጊልጋሜሽና ኤንኪዱ ይገድሉታል፤ የግድያው ዋጋ ግን የኤንኪዱ ሞት ይሆናል። በሮማ ዘመን የሚትራ ተከታዮች ከመሬት በታች በሠሩት መቅደሳቸው ሁሉ አምላካቸው ኮርማ ሲያርድ የሚያሳይ ምስል ነበር። በቀርጤስ ደሴት የክኖሶስ ቤተ መንግሥት ግድግዳ ላይ ወጣት በሚሮጥ ኮርማ ላይ ሲዘል ተስሏል። የሐመር ወጣት ደግሞ እስከ ዛሬ የተደረደሩ ከብቶችን ዘሎ ነው ለወግ ማዕረግ የሚበቃው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። በየቻናሉ "የግብፅ አማልክት ሁሉ ከእኛ የሄዱ ናቸው" የሚል ጽሑፍ ሲዘዋወር አያለሁ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይሏል ይህ ነው። ለመኩራት ካስፈለገ የራሳችን ማስረጃ ይበቃል። በዲላ አካባቢ በሸጴ ገደል ላይ ሻኛ የሌላቸው፣ ጡታቸው የሞላ ላሞች ተራ በተራ ተቀርጸዋል። በሐረርጌ ለገ ኦዳ ዋሻ ውስጥ ከብቶች በቀለም ተስለዋል። የቀረጿቸው ሰዎች ፊደል አልነበራቸውም፤ ከሁሉ በፊት ሊያስቀምጡልን የፈለጉት ግን ላምን ነበር።

ፊደል በመጣ ጊዜም ከብት ቀረ ማለት አይደለም። ንጉሥ ኢዛና በ4ኛው ክፍለ ዘመን ባስቀረጸው የድንጋይ ጽሑፍ፣ ያመፁ 6 የቤጃ ነገሥታትን ከ4,400 ሰዎቻቸው ጋር ወደ ሌላ አገር ሲያሰፍር 25,140 ከብት እንደሰጣቸው ይቆጥራል። ለእያንዳንዱ ንጉሥ 4,190 ማለት ነው። ዕርቅና ግዞት በከብት ተመነዘረ። በኦሮምኛ "ሆሪ" ከብትም ነው ሀብትም ነው። በአማርኛም "ከብት" የሚለው ቃል በቀድሞ አነጋገር ንብረትን ሁሉ ይጨምር ነበር። ሮማውያን ገንዘብን የጠሩበት ቃልም ከከብት ስም የወጣ ነው።

◾️ ያነበቧት

ማምለክና መግደል እንዳለ ሆኖ፣ እኔን የሚገርመኝ ሦስተኛው ነው፤ ማንበብ።

ከፊደሉ እንጀምር። ዳዊት የደገመ ሰው 118ኛው መዝሙር በዕብራይስጥ ፊደላት ስም እንደሚከፈል ያውቃል፤ የመጀመሪያው "አሌፍ" ነው። በግእዙም "አ" ስሙ "አልፍ" ነው። በጥንቱ የሴም ቋንቋ ትርጉሙ በሬ ማለት ነው። እንግሊዛዊው ፍሊንደርስ ፔትሪ እ.ኤ.አ. በ1905 በሲና በረሃ ባገኛቸው ጽሑፎች ላይ ፊደሉ ገና የበሬ ራስ ሥዕል ነው። የላቲኑን "ኤ" ገልብጣችሁ ብታዩት ሁለቱን ቀንዶች ዛሬም ታገኟቸዋላችሁ። የእኛም "አ" የዚያው ቤተሰብ ልጅ ነው። እንግዲህ የአበገደን ተራ "አ" ብሎ የሚጀምር ልጅ ሳያውቀው በሬ እየጠራ ነው።

አሁን ወደ ሞራው እንመለስ። ሞራ የከብቱን አንጀት የሚሸፍነው ስስ ስብ ነው። ሲዘረጋ የደም ሥሮቹ እንደ መንገድ፣ እንደ ወንዝ ይታያሉ። ሞራ ገላጩ በዚያ ላይ ዝናብን፣ ጦርን፣ የቤቱን ጌታ ዕድሜ ያነባል። ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም ይህን እንደ ጥንቆላ አውግዘውታል። ቢሆንም በሸዋ ከአንድ ሃይማኖት ሰዎች ባለፈ ሲነበብ ኖሯል።

ይህ የእኛ ብቻ አይደለም። የባቢሎን ካህናት የበግ ጉበት በሸክላ ሠርተው፣ እያንዳንዱን ክፍል ምን እንደሚያመለክት ጽፈውበት ተማሪ ያስተምሩበት ነበር። በጣልያን ፒያቼንዛ አጠገብ እ.ኤ.አ. በ1877 የተገኘው የኤትሩስካውያን የነሐስ ጉበትም እንዲሁ የአማልክት ስም ተቀርጾበታል። ትንቢተ ሕዝቅኤል ምዕራፍ 21 ላይ የባቢሎን ንጉሥ በመንታ መንገድ ቆሞ ወዴት እንደሚዘምት ጉበት ሲመለከት እናገኘዋለን። አፒስ ራሱ ይነበብ ነበር፤ ሮማዊው ጀርማኒኩስ እ.ኤ.አ. በ19 ግብፅን ሲጎበኝ ኮርማው ከእጁ መኖ አልቀበልም አለ፤ ሰውዬው ብዙም ሳይቆይ ሞተ፤ ሰዎችም ሁለቱን አገናኙ።

እዚህ ላይ "አጉል እምነት" ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። እኔም ሞራ ዝናብ ያመጣል አልልም። ነገር ግን ጠይቁ፤ ሰው መቼ ነው ወደ ከብት ሆድ የሚመለከተው? የሰው ምስክር ሲጠፋ ነው። ነገ ምን እንደሚመጣ የሚያውቅ ሰው በሌለበት፣ እውነቱን የሚናገር ሰው በማይገኝበት ጊዜ ነው።

◾️ ገዳዩ ሳይታወቅ

ይህን ይዛችሁ ሁለቱን ታላላቅ መጻሕፍት ክፈቱ።

ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 21 በሜዳ ላይ ተገድሎ ስለተገኘ፣ ገዳዩም ስላልታወቀ ሰው ይናገራል። ሽማግሌዎችና ዳኞች ወጥተው ከሬሳው እስከ ዙሪያው ከተሞች ድረስ ይለካሉ። ለሬሳው የቀረበችው ከተማ ሽማግሌዎች ቀንበር ያልጫነች ጊደር ይዘው ውኃ ወደሚፈስበት ሸለቆ ይወርዳሉ። በዚያ አንገቷን ይሰብራሉ፤ እጃቸውን በላይዋ ታጥበው ይህን ደም እንዳላፈሰሱና እንዳላዩ በእግዚአብሔር ፊት ይናገራሉ።

የቁርኣን ረጅሙ ምዕራፍ ስሙ "አል በቀራ"፣ ላሟ ማለት ነው፤ 286 አንቀጽ አለው። ስሙን ያገኘበት ታሪክም የግድያ ታሪክ ነው። ከእስራኤል ልጆች መካከል ሰው ተገደለ፤ እርስ በርስ ተካካዱ። ሙሳ አላህ ላም እንድታርዱ ያዝዛችኋል አላቸው። እነርሱ ግን ጥያቄ አበዙ። ዕድሜዋ ስንት ነው? ቀለሟ ምን ዓይነት ነው? ከላሞች መካከል የትኛዋ ናት? በእያንዳንዱ ጥያቄ ትእዛዙ እየጠበበና እየከበደ ሄደ። በመጨረሻ አርደው በአካሏ ክፍል ሟቹን ሲመቱት ሞቶ የነበረው ተነሣ፤ የተደበቀውም ወጣ።

ሁለቱ ታሪኮች አንድ አይደሉም። ትምህርታቸውም ይለያያል። ግን በሁለቱም ውስጥ ሰው ተገድሏል፣ ማኅበረሰቡ ገዳዩን አላወቀም ወይም ደብቆታል፣ ላሟም መካከል ገብታለች። ሦስተኛው፣ ሞራ አንባቢው፣ መጽሐፉ ላሟ ሆድ ውስጥ ነው ይላል። አሊዩ አምባ ገበያ ላይ ቡናና ጨው የተለዋወጡት ሦስቱ ሰዎች ይህን እርስ በርስ ባይነጋገሩበትም፣ "ሰው ሲዋሽ ላም አትዋሽም" በሚለው ይስማሙ ነበር።

ሰው ደም ከፈሰሰ በኋላ ሲታረቅም ካሳው በከብት ሲቆጠር፣ በዕርቁ ቀንም ከብት ሲታረድ የኖረው በኦሮሞው ጉማ ብቻ አይደለም፤ በአማራው የደም ማድረቅ ሽምግልናም፣ በአፋር ባህላዊ ሕግም ነው። በኅዳር 8 በቤተ ክርስቲያን ከሚታሰቡት አርባዕቱ እንስሳ አንዱ ገጸ ላህም ነው፤ ስለ እንስሳት የሚለምነው እርሱ ነው ይባላል።

◾️ ቢላዋውና ቀንበሩ

በይፋት በሬ እስከ ቢላዋው ድረስ ሃይማኖት የለውም። ቢላዋው ላይ "በስመ አብ" ወይም "ቢስሚላህ" ይባላል፤ ከዚያ ወዲያ ሥጋው ይለያል። ክርስቲያኑ የሙስሊሙን አይበላም፣ ሙስሊሙም የክርስቲያኑን። ሰርግ የደገሰ ሰው ግን ለሌላው ወገን እንግዶቹ በቁም ከብት ለይቶ ይሰጣል፤ ራሳቸው ባርከው ያርዳሉ፣ ራሳቸው ያበስላሉ። ልዩነቱን ሳያፈርስ ያከብረዋል።

ከቢላዋው በፊት ደግሞ ቀንበሩ አለ። አንድ በሬ ብቻ ያለው ገበሬ አንድ በሬ ካለው ጎረቤቱ ጋር ይቀናጃል፤ መቀናጆ ይባላል። ዛሬ የእኔ ማሳ፣ ነገ የአንተ። ቀንበሩ የግራ በሬውን ባለቤት ስም አይጠይቅም።

ይህ ሁሉ አንድ ጊዜ ቆሞ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1887 ጣልያኖች በምፅዋ በኩል ካስገቧቸው ከብቶች ጋር የገባው የከብት በሽታ አገሩን ከዳር እስከ ዳር አዳረሰው። ከ10 እጅ 9 እጁ ከብት እንዳለቀ ይገመታል። በሬ ሲያልቅ እርሻ ቆመ፣ እርሻ ሲቆም ሰው አለቀ። ከ1888 እስከ 1892 የቆየውን ያን ዘመን "ክፉ ቀን" ብለን እንጠራዋለን። አፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው ቆፍረው ሕዝቡ በእጁ እንዲያርስ አበረታቱ። ያ በሽታ ከኢትዮጵያ መጥፋቱ በይፋ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው፤ ከዓለም መጥፋቱ ደግሞ በ2011 ታወጀ። ሰው ከፈንጣጣ ቀጥሎ ከምድር ያጠፋው ሁለተኛው በሽታ ነው። በጋራ ከተሠራ የማይቻል የሚመስለው ይቻላል ለሚል ሰው ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

◾️ ማን ይለካል?

አሁን የተባለው ቦታ ደርሰናል። በ2013 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ አጣዬና አጎራባቾቿ ሲነዱ ሰው አለቀ፣ ቤት ተቃጠለ፣ ከብት ተነዳ። ሸዋ ሮቢትም አልተረፈችም። ከዚያም በኋላ ያ ቆላ ደጋግሞ ደም አይቷል። ከአሊዩ አምባ ገበያ ሸቀጥ ያዘዋውሩ የነበሩት ሰዎች የልጅ ልጆች ናቸው በሁለቱም በኩል የሚቀብሩት።

ገዳዩ ማን ነው? ብትጠይቁ መልሱ በየትኛው ቻናል እንደምትከታተሉ ይወሰናል። የእኛም ቻናል ከዚህ ነፃ አይደለም። አንድ ሰው ተገድሎ ሜዳ ላይ ሲገኝ መጀመሪያ የምንለካው ከሬሳው እስከ ቅርቡ ከተማ ያለውን ርቀት አይደለም፤ ሟቹ የማን ወገን እንደሆነ ነው። የእኛ ከሆነ ሰማዕት ነው። የእነርሱ ከሆነ "መረጃው ይጣራ" ነው። ከዚያ እንደ ሙሳ ዘመን ሰዎች ጥያቄ እናበዛለን። ቀለሙ ምን ዓይነት ነበር? ስንት ሰዓት ነበር? ማን ቀድሞ ተኮሰ? አጣሪ ኮሚቴ ይቋቋማል፣ የኮሚቴው ሪፖርት ይጠበቃል፣ ሌላ ሬሳ ይመጣል።

የኦሪቱን ሥርዓት ልብ ብላችሁ እዩት። ያች ቅርብ ከተማ ጥፋተኛ ናት አልተባለችም። ሽማግሌዎቿ ገዳዮች አይደሉም። ነገር ግን "አላየንም" ብለው ቤታቸው እንዲቀመጡ አልተፈቀደላቸውም። መውጣት አለባቸው። መለካት አለባቸው። ከራሳቸው በረት አንዲት ጊደር ማጣት አለባቸው። በአደባባይ፣ ውኃው ዳር፣ ሬሳው የእነርሱ ጉዳይ መሆኑን መቀበል አለባቸው። ንጽሕናቸውን የሚናገሩት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ዛሬ እኛ የመጨረሻዋን ዐረፍተ ነገር ብቻ ወስደን "እጃችን የለበትም" እንላለን፤ የሚለካ ሰው ግን የለም።

ላም እሳት ወለደች፤ እንዳትልሰው ፈጃት፣ እንዳትተወው ልጇ ሆነባት። የይፋት ነገር እንዲህ ነው። ጎረቤትህን ልትተወው አትችልም፤ ቆላውም ደጋውም አንድ ገበያ ነው፣ በሬውም የመቀናጆ ነው። ልትነካውም ትፈራለህ። ከዚህ የሚያወጣ ሞራ ማንም አይገልጥልንም። የሚያወጣው የቅርቧ ከተማ ሽማግሌዎች፣ አማራውም ኦሮሞውም አርጎባውም አፋሩም፣ ሟቹ የማንም ይሁን የማን ቀድመው ሲወጡ ነው። የእርድ ከብትን በቁም ለይተው መስጠት የሚያውቁ ሰዎች ይህን አያውቁትም ብዬ አላምንም።

አንድ ልመና አለኝ። በይፋት፣ በቀወት፣ በኤፍራታ፣ በጅሌ ጥሙጋ፣ በአንኮበር ዙሪያ ያላችሁ፣ ሞራ ሲነበብ ያዩ ወይም የደም ዕርቅ ላይ የተቀመጡ አባቶችና እናቶች ካሏችሁ ቁጭ ብላችሁ አስተርኳቸው፤ በስልካችሁም ቅረጹ። የመቀናጆውን ደንብ፣ የካሳውን ቁጥር፣ በዕርቁ ቀን ማን ቀድሞ እንደሚናገር ጠይቁ። የላኩልንን ስማቸውን ሳንጠቅስ እዚሁ እናወጣዋለን። እነዚህ አዛውንቶች ሳይጠየቁ ካለፉ ግን መጽሐፉን የበላችው ላም ናት ብለን ማመካኘት አንችልም።